ወፍጮ ቤት የበዛው ዱቄት

መጀመሪያ ያየሁት እግሯን ነው። ባለቤቴ ዘይነባ ጎመንና ሽንኩርት ገዝታ ተመለሰች፤ ቀኝ እግሯ ነጠላ ጫማ አለው፣ ግራው ባዶ ነው። "ሌላኛው ጫማሽስ?" አልኳት። ጎንበስ ብላ አየች። ወርጄ ስፈልገው ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ወድቆ አገኘሁት። ቤታችን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ፎቅ ሙሉ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ በባዶ እግሯ ረግጣ ስትወጣ አልተሰማትም ማለት ነው። ያን ቀን ሳቅን። "ጃጀሁ በቃ" አለች፤ እኔም "ገና ዛሬ አወቅሽው?" ብዬ አበሸቅኳት። አሁን ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

ይህን የምጽፈው ቤቱ ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ ላለበት ሰው ነው፤ ከታማሚው ይልቅ ደግሞ ለአስታማሚው። ሐኪም አይደለሁም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱሪና ኮት የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሜትር አንገቴ ላይ ካንጠለጠልኩ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሳልለካ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም። እዚህ የምነግራችሁ ግን ሳልለካ ያጠፋሁትን ነው።

ከጫማው በፊትም ምልክት ነበር። ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች፣ ልብሷ ሰፍቷት ሁለት ጊዜ አጥብቤላታለሁ። የምሰፋውን ኮት ቁልፍ ቤት የምትሠራልኝ እሷ ነበረች፤ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት ሲያቅታት ግን መነጽር ያስፈልጋታል ብዬ አለፍኩት። ከጫማው በኋላ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጣቷን ወግተው ሲለኩ ማሽኑ 386 አለ። እዚያው ወደ ሆስፒታል ላኩን።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ረጋ ብላ ትናገራለች። ዘይነባን አስተኝታ ዓይኗን አስጨፈነቻትና "በእግርዎ ላይ ሲነካዎት ይንገሩኝ" አለቻት። ከዚያ ቀጭን የፕላስቲክ ክር በመሰለ ነገር ጣቶቿን፣ ውስጥ እግሯን፣ ተረከዟን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገች። ዘይነባ ዝም ብላ ተኝታለች። ዶክተሯ ጨርሳ ክሩን ስታስቀምጥ ዘይነባ ዓይኗን እንደጨፈነች "ጀምሪ እንጂ ልጄ" አለች።

እኔና ዶክተሯ ተያየን። "ኒውሮፓቲ ይባላል" አለችኝ። "ስኳሩ ነርቮቹን ጎድቷቸዋል። ዓይኗም ላይ ሬቲኖፓቲ የሚባለው ጉዳት ጀምሯል።" ያለፉትን ሦስት ወራት የደም ስኳር የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የተባለው ምርመራ 11.2 ነበር። ሜትፎርሚን የሚባል ክኒን አዘዘችልን። ኢንሱሊን መጀመርም ሳይኖርብን እንደማይቀር ነገረችን። ይህን ስትል ዘይነባ አለቀሰች። እናቷ ኢንሱሊን በጀመሩ በወራቸው አርፈዋልና መርፌው የመጨረሻ ደወል ይመስላታል። እኔ ለመንኩ። "ጊዜ ስጪን፤ ምግቧን እኔ እይዘዋለሁ" አልኳት።

"ሦስት ወር እሰጥዎታለሁ" አለች ዶክተሯ። "በምግብና በክኒን ካልወረደ ግን ክርክር የለም። ያ እግር ስኳሩ ከፍ እንዳለ ቁስል ቢያገኘው አይድንም።"

እንግዲህ የያዝኩት ሦስት ወርና አንድ እግር ነበር።

ዘይነባ መጀመሪያ ላይ የታዘዘችውን ፈጸመች። ግማሽ እንጀራ በጎመን፣ ሌላ ጊዜ እንቁላል፣ ሻይ ያለ ስኳር። ቤት በገዛነው መለኪያ ማሽን ስኳሯም ወደ 220 ወረደ። ግን ትራባለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ለእኔና ለልጆቼ ስታቀርብ የኖረች ሴት ግማሽ እንጀራ ይዛ ቀስ እያለች ስታኝክ ማየት አልቻልኩም። ስልኬ ላይ አንዲት ሴት ከተልባና ከኦቾሎኒ ዱቄት ዳቦ ስትጋግር አየሁ። እህል የሚባል የለበትም፣ ስኳር አይጨምርም ትላለች። ይኼማ ለእኛ የተላከ ነው አልኩ።

እግሯ ስለማይሰማት እሳት አጠገብ እንዳትቆም ተነግሮን ነበርና ማብሰሉ የእኔ ሆኗል። ልጆቻችን አግብተው ወጥተዋል። ዘይነባ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዘኛለች። "ተልባውን ለብ አድርገህ ቁላው፣ አታሳርረው። ከዚያ በሙቀጫ ነው። ወፍጮ ቤት እንዳትወስደው" አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። በሙቀጫ የሚወቀጠው ታች፣ ኮሚናል የምንለው የጋራ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ የሕንፃው ሴቶች በርበሬና ሽሮ ያዘጋጃሉ። እኔ ደግሞ የባሎቻቸውን ሱሪ ነው የምሰፋው። ዘነዘና ይዤ መሀላቸው ልቆም? አፈርኩ።

ስለዚህ ሁለት ኪሎ ተልባና አንድ ኪሎ የተቆላ ኦቾሎኒ ይዤ ከሱቄ ጀርባ ወዳለው ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ጋሽ ወልዴ ሽማግሌ ናቸው፤ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት ለብሷል። ከረጢቱን ከፍተው አዩና "ቅባት ነው፣ ያስቸግራል። ተወውና ከሰዓት ና" አሉኝ። ከዙሁር ሰላት በኋላ ተመለስኩ። ከረጢቱ ከብዷል፤ ስድስት ኪሎ የሚጠጋ ይመስላል። የማስፈጫው ሒሳብም ካሰብኩት በለጠ፤ ቅባት ስለሆነ ነው ብዬ ከፈልኩ። ጨርቅ ሲቆረጥ እንደሚያንስ አውቃለሁ። እህል ሲፈጭ ግን የሚነፋ መሰለኝ። በሕይወቴ ወፍጮ ቤት ገብቼ ስለማላውቅ በረካ ነው ብዬ አላህን እያመሰገንኩ ወጣሁ። ይህን ሳነብላት ዘይነባ አሁንም ራሷን ትይዛለች፤ ከወፍጮ ቤት በዝቶ የወጣ ዱቄት ያየች ሴት የለችማ።

ለዘይነባ "አስወቀጥኩት" አልኳት። ትንሽ ውሸት ናት፤ ብዙ ጎዳችን።

ዱቄቱን በእንቁላል፣ በጨውና በቤኪንግ ፓውደር ለውሼ ክዳን ባለው መጥበሻ ጋገርኩት። ነፍቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ደስ የሚል ዳቦ ወጣ። ዘይነባ ቆርሳ አኘከች። ማኘኳን አቆመች። "ኡመር፣ ይሄ ዳቦ በሶ በሶ ይለኛል" አለች። "ተልባውን ስለቆላሁት ነው" አልኳት። "ምላስሽ የለመደውን እየፈለገ ነው።" "እንግዲህ አንተ ካልክ" ብላ በላች። "እስኪበቃሽ ብዪ፣ እህል የለበትም" አልኳት። ግማሽ እንጀራ ትበላ የነበረች ሴት በጠዋት ሦስት ቁራሽ፣ በምሳ ሦስት፣ በራት ሦስት ትበላ ጀመር። ቆርሼ የማቀርብላት እኔ ነኝ።

ስኳሯ ወጣ። 260። 290። አንድ ቀን 310።

ጥርጣሬ እንዴት እንደሚጀምር ልንገራችሁ። መጀመሪያ "ምን በላሽ?" ብዬ በፍቅር ጠየቅኩ። ቀጥሎ የስኳሩን ጣሳ አነሳሁና ክብደቱን አየሁ። ከዚያ ስኳሩን፣ ማሩን፣ ቴምሩን ሰብስቤ ወደ ሱቅ ወሰድኩ። ቤት ውስጥ ለሻይ የሚሆን ቁንጣሪ ስኳር አልቀረም። ጎረቤት ሱቅ ያለውን ልጅ ዳቦ እንዳይሸጥላት ነገርኩት። ማታ ስገባ አፏን አሸታለሁ። እንዲህ ያደረግኩት የምወዳት ሚስቴን ነው። "አልበላሁም ኡመር" ትላለች። ማሽኑ ግን በላች ይላል። እኔ ማሽኑን አመንኩ።

አንድ ዓርብ ወንድሟ ሁሴን ሊጠይቃት መጣ። እሱ ፊት ለካኋት፤ 304። "ንገሪው እስቲ ለወንድምሽ፣ እኔ ሳልኖር ምን እንደምትበዪ" አልኳት። "ወላሂ አልበላሁም" አለች። ተነስቼ ቁርአን አወረድኩ። ሁሴን "ኧረ ተው፣ አግባብ አይደለም" አለኝ። አልሰማሁትም። ዘይነባ ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ መጣች። እጇን አኑራ ማለች። በማግስቱ ጠዋት ማሽኑ 298 አለ።

በቁርአን ዋሸች አልኩ በልቤ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሬያት እየኖርኩ አላናገርኳትም ማለት ይቻላል።

ሦስት ወሩ ሞላ። ኤችቢኤዋንሲ 12.4። ዶክተሯ ወረቀቱን አይታ ወደ ዘይነባ ዞረች። "የሚበሉት ነገር አለ እናቴ" አለቻት። እኔ ከኋላ ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ። ዘይነባ አየችኝ።

ኢንሱሊኑን ልንጀምር ለሰኞ ተቀጠርን። ቅዳሜ ጠዋት የግራ ካልሲዋን ሳወልቅ እርጥብ ነበር። ሸተተኝ። ከትንሿ ጣቷ ሥር ቆዳው ጠቁሯል። መሀሉ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ። የስፒል ጭንቅላት ነው። ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበት ስፒል። የእኔ። ከሱሪዬ እጥፋት ወድቆ ይሆናል። ስንት ቀን እንደረገጠችው አናውቅም። አልተሰማትም።

ጋንግሪን አሉት፤ ሥጋው ሞቷል ማለት ነው። ሁለት ጣት ይቆረጥ ተባለ። ትንሿና አጠገቧ ያለችው። ዶክተሯ "ስኳሩ ካልወረደ ከዚህ በላይ ልንቆርጥ እንችላለን፤ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም በላይ" አለችኝ። ፈረምኩ።

ዘይነባ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች እኔ ያንኑ ጥያቄዬን ደገምኩ። ከማደንዘዣው እንደነቃች፣ አፏ ደርቆ ውሃ በጥጥ እያራስኩላት፣ "አሁን እንኳ እውነቱን ንገሪኝ" አልኳት። ግድግዳውን እያየች "እሺ በላሁ በለው" አለች። "ደስ ይበልህ። አሁን ተወኝ።" እናንተ ሰዎች፣ ደስ አለኝ። ያን ሰዓት የተሰማኝን ሳልደብቅ መጻፍ ስላለብኝ ነው የምጽፈው፤ እፎይ አልኩ፣ ልክ ነበርኩ አልኩ። ሁለት ጣት የጎደለው እግሯ ብርድ ልብስ ሥር ነው፣ እኔ ልክ በመሆኔ እፎይ እላለሁ።

ጠዋትና ማታ የሚወጋ ድብልቅ ኢንሱሊን ተጀመረ። መጠኑን በየሳምንቱ እየጨመሩ ከፍ አደረጉት። ስኳሯ ወደ 180 ወረደ፣ ቁስሉ ቀስ ብሎ ጤነኛ ቀይ ሥጋ ማውጣት ጀመረ። ዳቦው ግን ያው ነው። በየአስራ አምስት ቀኑ ተልባና ኦቾሎኒ ይዤ ጋሽ ወልዴ ዘንድ እሄዳለሁ፣ የበዛ ዱቄት ይዤ እመለሳለሁ።

አንድ ጊዜ ስሄድ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል። ሞተሩ ተቃጥሎ ለጥገና ወስደውታል። ቤት ዱቄት አልቋል። ምርጫ አልነበረኝምና ሙቀጫውን አወጣሁ። መጋረጃውን ዘግቼ፣ ድምፁ ታች እንዳይሰማ ምንጣፍ አጥፌ ከሥሩ አነጠፍኩ። ትከሻዬ እስኪዝል ወቀጥኩ። ነፍቼ ስጨርስ ዱቄቱ ካስገባሁት አነሰ። ያፈሰስኩት መሰለኝ። ዳቦው ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ አልነፋም፤ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ ከባድ ሆነ። ዘይነባ ቀምሳ "ይሄኛው በሶ በሶ አይልም" አለች። ለራሷ ነው ያለችው፤ እኔን ማናገር ትታለች።

ያን ጠዋት መርፌዋን እንደ ወትሮው ወጋኋት። ሦስት ቁራሽ በላች። ሱቅ ልሄድ ጫማዬን አስራለሁ።

"ሁሴን" አለችኝ።

ዞርኩ። ላብ ፊቷ ላይ ይወርዳል። ልብሷ ርሷል። እጇ ይንቀጠቀጣል። "ሁሴን፣ በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ" አለች። በሩ ዝግ ነው። እኔም ሁሴን አይደለሁም። ለካኋት። 41።

ሃይፖግላይሴሚያ የሚባለውን ነግረውናል። ስኳር ሲወርድ ቶሎ ስኳር ስጡ ብለውናል። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ስኳር የለም። ማር የለም። ቴምር የለም። ሁሉንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሩን ከፍቼ የጎረቤቴን በር በሁለት እጄ ደበደብኩ። "ስኳር! ስኳር ስጡኝ!" አልኩ። ሴትየዋ ጣሳውን እንዳለ ሰጠችኝ። በውሃ በጥብጬ ጉንጯን ይዤ አጠጣኋት። ግማሹ አገጯ ላይ ፈሰሰ። ግማሹን ዋጠች። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ለካሁ። 66። እንደገና አጠጣኋት። 92። "ኡመር" አለችኝ። ስሜን ስትጠራ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሆስፒታል ወሰድኳት። ዶክተሯ ስኳሯንና ምግቧን የመዘገብኩበትን ደብተር አገላበጠች።

"ምን ቀየራችሁ?"

"ምንም።"

"መርፌው?"

"ያው።"

"ዳቦው?"

"ያው ነው፤ መጠኑም ያው።"

ደብተሩን ዘጋችው። "አቶ ኡመር፣ መርፌው ያው ከሆነ ዳቦው ያው አይደለም" አለችኝ።

"ዱቄቱን ቤት ወቀጥኩት እንጂ..." ብዬ ጀመርኩና ቀጥ አልኩ። ዘይነባ ከአልጋው ላይ ቀና ብላ አየችኝ። "ሌላውን ጊዜስ የት ነበር የምታስወቅጠው?" አለች። ወፍጮ ቤት አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። "ተልባ ብቻውን በወፍጮ አይወርድም እኮ ኡመር። ገብስ ሳይጨምሩበት ማን ይፈጨዋል?"

ወፍጮ ቤቱ እስኪከፈት ሦስት ቀን ጠበቅኩ። ጋሽ ወልዴን ስጠይቃቸው ምንም አልደበቁኝም። "ገብስ ነዋ" አሉ። "እኩል ለእኩል ካላደረግከው ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል። ሴቶቹ ገብሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንተ ሳትይዝ ስትመጣ ከራሴ እየጨመርኩ ከማስፈጫው ጋር ደምሬ ተቀበልኩህ። ታውቃለህ ብዬ ነው፤ ይህን የማያውቅ አለ?" ለማን እንደሆነ ነገርኳቸው። ስለ ጣቶቿም ነገርኳቸው። እኚያ ሽማግሌ ወፍጮውን አጥፍተው ጆንያ ላይ ተቀመጡና በዱቄታም እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። "ለማን ነው ብዬ ብጠይቅህስ ኖሮ" አሉ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ልጠይቅ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ሦስት ኪሎ ሰጥቼ ስድስት የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ በመጣው ዓርብ ሁሴንን ጠራሁት። ዘይነባን ያሳፈርኳት እሱ ፊት ስለነበር ይቅርታውም እሱ ፊት መሆን ነበረበት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ገብሱን፣ "አስወቀጥኩት" ያልኩትን፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ያስጨነቅኳትን። ከዚያ ወለሉ ላይ ከእግሯ አጠገብ ተቀመጥኩና "አውፍ በይኝ" አልኳት። "ጣቶቼን አውፍ ብዬሃለሁ" አለች በመጨረሻ። "ስፒል ማንም ቤት ይወድቃል። የቁርአኑን ግን ቆይ። ገና ያመኛል።" ሁሴን መስኮቱ ጋ ቆሞ ውጪ ውጪውን ያያል። እኔም "እሺ፣ እቆያለሁ" አልኳት።

መዳን የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው፤ አዝጋሚና አሰልቺ ነው፣ የምመኝላችሁም እንዲህ ያለውን አሰልቺ ጊዜ ነው። ዶክተሯ የኢንሱሊኑን መጠን ከትክክለኛው ዳቦ ጋር እያስማማች በየሳምንቱ ስትቀንሰው፣ እኔ ደግሞ ከምግብ በፊትና ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ እየለካሁ በደብተር ስጽፍ፣ ወራት ተቆጠሩ፤ ቁስሉ ከጠርዙ ወደ መሀል እየጠበበ መጥቶ አንድ ጠዋት ፋሻው ደርቆ ተነሳ። ኤችቢኤዋንሲ መጀመሪያ 9፣ ቀጥሎ 7.3 ሆነ። የተቆረጡት ጣቶች አይመለሱም፣ እግሯም ዛሬም ስሜት የለውም፤ ግራ ጫማዋን ውስጡን በስፖንጅ ሞልቼ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ሰፍቼለት ነው የምትሄደው፤ ደረጃ ላይ እንዳይወልቅ።

ዱቄቱን እንዲህ ነው የምሠራው። ተልባውን ለቅሜ፣ አቧራው እስኪለቅ በወንፊት ነፍቼ፣ ለብ ባለ እሳት ቆልቼ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ፤ በሙቀቱ ከተወቀጠ ይለጠፋል። ኦቾሎኒውን ቆልቼ ልጣጩን አነሳና በትንሽ በትንሹ፣ በእፍኝ እፍኝ ብቻ እወቅጣለሁ፤ ከበዛ ወይም ዘነዘናው ከቆየበት ዘይቱ ይወጣና ዱቄት መሆኑ ቀርቶ ቅቤ ይሆናል፣ እንደዚያ ብዙ አበላሽቻለሁ። ሁለት እጅ ተልባ፣ አንድ እጅ ኦቾሎኒ፣ ለአንድ ኩባያ ዱቄት ሁለት እንቁላል፣ ጨው፣ ትንሽ ቤኪንግ ፓውደር፣ ካለም ጥቁር አዝሙድ። ሊጡ ሩብ ሰዓት ማረፍ አለበት፣ ተልባው ውሃውን ይጠጣና ይያያዛል። እሳቱ ለስላሳ ይሁን፣ መጥበሻው ክዳን ይኑረው። እንደ ስንዴ ዳቦ ይነፋል ብላችሁ አትጠብቁ። ከነፋ፣ የእኔ እንደነፋ፣ ተጠራጠሩት። እንጀራ ልታደርጉትም አትሞክሩ፤ ለወጥ በቀጭኑ ጋግሬ ነው የማቀርብላት፣ ወይም ሰፋፊ የጥቅል ጎመን ቅጠል በፈላ ውሃ አለስልሼ ትጠቀልልበታለች። የሳምንት ብቻ አዘጋጁ፣ ከቆየ ዘይቱ ይበላሽና ይመራል። ታማሚው ውሃ በደንብ ይጠጣበት፣ አለበለዚያ ሆድ ያደርቃል። ደግሞም ከእህል ያነሰ ነው እንጂ ከስኳር ነጻ አይደለም፤ "እስኪበቃሽ ብዪ" የሚባል ምግብ ለስኳር ሕመምተኛ የለም።

የምመክራችሁ ሌላ ነገር ጥቂት ነው። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ዱቄት ሲለወጥለት ሐኪሙ አስቀድሞ ይወቅ፤ እኛ ያልነገርነው ሊገድላት ነበር። ቤታችሁ ስኳር አይጥፋ፤ ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡት፣ ወደ ሐኪም ሩጡ። የታማሚውን እግር በየቀኑ በዓይናችሁ እዩት፣ በጣታችሁ ዳስሱት፣ የእሱን "ደህና ነኝ" አትቁጠሩ። ዱቄቱን ስትሰጡ መዝኑ፣ ስትቀበሉም መዝኑ። ማሽኑ ከፍ ሲል ደግሞ ከታማሚው በፊት የራሳችሁን እጅ መርምሩ፤ ማሽኑ ስኳሩን ይናገራል እንጂ ማን እንዳበላው አይናገርም።

ዶክተሯን አመሰግናለሁ፤ "ምን ቀየራችሁ?" ባትል ዛሬም ገብስ እያበላኋት እወቅሳት ነበር። ጣሳዋን እንዳለ የሰጠችኝን ጎረቤቴን አመሰግናለሁ። ጋሽ ወልዴንም አመሰግናለሁ፤ አሁን ቅባት ይዞ የሚመጣውን ሁሉ "ለታማሚ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ፣ ከሆነ "ሂድ ወቅጠው" ብለው ይመልሳሉ። የኮሚናል ሴቶችንም እንዲሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙቀጫዬን ተሸክሜ አራት ፎቅ ወርጄ መሀላቸው ስቆም መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ቀጥሎ ዘነዘና አያያዝ አስተማሩኝ፣ አሁን ቦታ ይይዙልኛል።

ዘይነባ የቁርአኑን ገና አውፍ አላለችኝም። አልጠየቅኳትም። ቅዳሜ ስወርድ ግን መስኮቱን ከፍታ ወንበሯን ታስጠጋለች። የሙቀጫው ድምፅ ከታች እስኪሰማት ትጠብቃለች። ዳቦውን ሳቀርብላት "ሰምቼዋለሁ" ትልና ትቆርሳለች። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ድምፁን ዋጠው፤ ከላይ ምንም አልተሰማትም። ያን ቀን ዳቦውን አልነካችም፣ ሁለት እንቁላል በጎመን በላችና ተኛች። አልተከራከርኳትም። በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ ሙቀጫውን ይዤ እንደገና ወረድኩ።